የዓባይ በረሃ የድሮ ካርታዎች ቅጂ፦ ከባሕር ዳር የገዛኋቸው ሁለት ሉሆች

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ካርታዎችን አባዝቶ ከሚሸጥ አንድ ማተሚያ ቤት የጢስ ዓባይንና የደጀንን አካባቢ የሚያሳዩ፣ በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጁ ሁለት የመልክዓ ምድር ካርታዎች ገዝቼ አንድ ወር ያህል ስገለገልባቸው ቆይቻለሁ።

ከሁለቱ የጢስ ዓባዩ ይበልጥብኛል። ከፏፏቴው በታች ወንዙ ወደ ጠባቡ ገደል ሲገባ ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች እየተጠጋጉ ሄደው በመጨረሻ አንድ ወፍራም መስመር ይመስላሉ፤ የአላታ ድልድይም እዚያው ጥበት ላይ በቀጭን ምልክት ተቀምጧል። ከፏፏቴው በላይ ውኃውን ጠልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚወስደው ቦይ በሰማያዊ ስለተሰመረ፣ 11.4 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የመጀመሪያው ጣቢያ የተሠራው ትልቅ ግድብ ተገድቦለት ሳይሆን ወንዙ ራሱ የሚወርድበትን ቁልቁለት ተጠቅሞ መሆኑን ተመልካቹ ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ቅሬታዬ ከህዳጉ ይጀምራል። አታሚዎቹ ወረቀቱን ለክፈፍ እንዲመች ብለው ዙሪያውን ስለቆረጡት የኅትመቱ ዓመት፣ የምልክቶቹ መፍቻና የመለኪያው መነሻ (የቦታዎቹ አቀማመጥ የተሰላበት ማጣቀሻ) አብረው ተጥለዋል። ዘመኑን የገመትሁት ካርታው ላይ ካለውና ከሌለው ነው፦ እ.ኤ.አ በ1964 ሥራ የጀመረው ጣቢያ አለ፣ በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው የለም። የደጀኑም ሉህ እ.ኤ.አ በ2008 የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ አያውቀውም፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ወንዙን የሚሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ይዞ ለሚወጣ ሰው የመነሻው መጥፋት የባሰ ነው፤ የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ ስለተሠሩ፣ ስልኩ ደግሞ በሌላ መነሻ ስለሚሠራ፣ ካልተስተካከለ ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል።

ሌላው ጉድለት የመጠን ነው። ካርታው ላይ በካሬ በካሬ የተሰመረው የአንድ ኪሎ ሜትር መረብ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው በማስመሪያ ስለካው 1.9 ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ መስፈርቱን አምኖ የሚያሰላ ሰው የ10 ኪሎ ሜትሩን መንገድ 9.5 ነው ብሎ ይነሳል፤ በዓባይ በረሃ ሙቀት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቀላል አይደለም። የገዛ ሰው ማስመሪያውን ትቶ መረቡን ይቁጠር።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ቅሬታዬን በትህትና አድምጠውኛል። አሁን የምፈልገው እ.ኤ.አ ከ1958 እስከ 1964 በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ የተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ለግድብ ካጫቸው ቦታዎች አንዱ የሆነውን የካራዶቢን ሉህ ነው፤ እሱንም ከነህዳጉ እንዲያትሙልኝ፣ ሒሳቡንም ለክቼ ካየሁት በኋላ እንድከፍል ተስማምተናል።