የአጎቴ ጋቢ እና የሁለት ወርቅ ቤቶች መስተንግዶ

ባለፈው ጥር አጎቴ ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ወርቅ ሊገዙ በጅማ አካባቢ ካለችው ከአጋሮ መጥተው ስለነበር፣ ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ወደ ሁለቱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። የሁለቱም ዕቃ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በሐብልና በጉትቻ ምርጫ የመጀመሪያው ይበልጣል። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሻጮቹ አጎቴን የተቀበሉበት ሁኔታ ነው።

አጎቴ የለበሱት ዘወትር የሚለብሱትን ነበር፤ በካፖርት ላይ የተደረበ ጋቢ፣ ኮንጎ ጫማ፣ በእጃቸውም ከዘራ። በመጀመሪያው ሱቅ፣ ከእኛ በኋላ ለገቡት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰውና ባለቤታቸው ወንበር ሲቀርብላቸው እኛ እንደቆምን ቀረን። አጎቴ ከመስታወቱ ሥር አንድ ሐብል አይተው «እስቲ ያንን አሳዪኝ ልጄ» ቢሏት፣ ሻጯ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች፣ መስታወቱን ሳትከፍት፣ «አባባ፣ እሱ ሃያ አንድ ካራት ነው፣ ይወደድብዎታል። የብር ጌጥ ከፈለጉ ማዶ ካሉት ሱቆች ያገኛሉ» አለቻቸው። ዋጋውን ሲጠይቋትም ወደ እኔ ዞራ ለእኔ መለሰችልኝ፤ የቢሮ ልብስ ለብሼና ቦርሳ አንግቼ ስላየችኝ ገዥዋ እኔ መስያታለሁ። ገንዘቡ ግን የእሳቸው ነበር። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እንሂድ» አሉኝና መንገዱን እስክንሻገር ድረስ አንገታቸውን እንደደፉ ሄዱ። ከሁሉም በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የወርቅ ነጋዴ ይህን ስሕተት ሊሠራ ባልተገባው ነበር። በጅማ አካባቢ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሠርግ ደግሞ የነቢያት ጾም በገና ከተፈታ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በጥር ይበዛል። ስለዚህ በዚህ ወር ጋቢ ለብሶ ወርቅ ቤት የሚገባ ገበሬ፣ የዓመት ልፋቱን ሸጦ፣ የሠርጉን ቀን ቆርጦ፣ ለመግዛት ብሎ አገር አቋርጦ የመጣ ደንበኛ ነው። ወርቅ ትንሽና ውድ ዕቃ በመሆኑ ሻጮች ቢጠነቀቁ አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አንድ በአንድ እያወጡ ማሳየት እየተቻለ፣ ጥንቃቄው ኮንጎ ጫማ ለተጫማ ብቻ መሆኑ ንቀት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

በሁለተኛው ሱቅ የተቀበሉን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። አጎቴን ሲያዩ «ኖር» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አጎቴም «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ብለው መለሱ። ስለ ዘንድሮው ቡና ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ ጉትቻዎችና ቀለበቶች አውጥተው በጨርቅ ላይ ደረደሩልን፤ በማጉያ መነጽርም ማኅተሙን አሳዩን። 750 የሚል ምልክት ያለው 18 ካራት ሆኖ ከመቶ 75 እጁ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን፣ 875 የሚለው ደግሞ 21 ካራት ሆኖ ከመቶ 87.5 እጁ ንጹሕ መሆኑን፣ ይኸኛው ለስለስ ስለሚል በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት 18ቱ እንደሚሻል፣ ማንንም ሳያጣድፉ አስረዱ። የተናገሩት ሁሉ ለአጎቴ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

ወደ ሚዛኑ ሲደርሱ አጎቴ «መጀመሪያ ባዶውን ያሳዩኝ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቡና በፈረሱላ ሲያስመዝኑ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ በአንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ላይ ጥቂት ግራም እንዴት እንደምትሰወር ያውቃሉ። ባለ ሱቁ ቅር ሳይላቸው ሚዛኑን ወደ እኛ አዞሩትና ዜሮውን አሳይተው መዘኑ፤ በደረሰኙም ላይ ካራቱን፣ ግራሙንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጻፉ። አጎቴ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የባንክ ደብተራቸውን አወጡና እዚያው አቅራቢያ ካለው ባንክ ገንዘቡን አስተላለፉ።

ይህ ሱቅ ጉድለት የለበትም አልልም። ጠባብ ነው፣ ምርጫውም ጥቂት ነው፤ አጎቴ በመጀመሪያው ቤት ያዩትን ዓይነት ሐብልም አላገኘንበትም። ሆኖም ቅርጹን በወረቀት ስለንላቸው በትእዛዝ አሠሩልን፤ ከተቀጠርንበት ቀን በአንድ ቀን ዘግይቶ ቢደርስም፣ ሥራው የጠየቅነው ሆኖ ተገኝቷል፤ ሙሽራይቱም በሠርጓ ቀን አድርጋዋለች። አጎቴ ያላገባች አንዲት ሴት ልጅ ቀርታቸዋለች። የሱቁ ስልክ የተጻፈበትን ካርድ በባንክ ደብተራቸው ውስጥ አስገብተው፣ በዚያው ፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ሄደዋል።