በር የምትከፍተው አያቴና ሱፐር 8፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም ግምገማ ከአንድ ተማሪ

ለመመረቂያ ፊልሜ የፈለግሁት አንድ ድርጊት ብቻ ነበር። አያቴ በር ከፍታ ትገባለች፣ የወንበሩን መደገፊያ በእጇ ዳበስ ታደርጋለች፣ ትቀመጣለች። ከአስራ አምስት ሰከንድ አይበልጥም። ይህን ቀርጬ ግድግዳ ላይ ላሳየው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መልሼ ልቀርጽ፣ ያንንም እንደገና አሳይቼ ልቀርጽ አሰብኩ። ትዝታም ባስታወስነው ቁጥር እንደ አዲስ የሚቀረጽ መስሎ ስለሚታየኝ ነው።

በስልክ ቢሆን ነገሩ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። ግን ዲጂታል ፋይል መቶ ጊዜ ቢገለበጥም ያው ራሱ ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው በየቅጂው የሚጎዳ ነገር ነበር። ስለዚህ ሱፐር 8 የሚባለውን፣ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ የፊልም ጥቅል ያዝኩ። የመረጥኩት ትራይ-ኤክስ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ሪቨርሳል ነው።

ኮዳክ ሱፐር 8ን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ትልቁ ብልሃቱ ካርትሪጁ ነው። ፊልሙ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የካሜራውን በር ከፍቶ ሳጥኑን ሰካ ማድረግ ብቻ ነው። ርዝመቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 18 ፍሬም ከቀረጹ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ በ24 ከቀረጹ 2 ደቂቃ ተኩል ያስኬዳል። ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም። ካሜራው ሲንጫጫ ሰምቶ ቆጣሪው ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ላየ ሰው ግን ሌላ ነው። አያቴን «አንዴ ድገሚልኝ» ያልኳት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በስልክ ቢሆን ሃያ ጊዜ ባመላለስኳት ነበር።

ሪቨርሳል መሆኑ ለእኔ ሥራ ወሳኝ ነበር። ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃኑና ጨለማው ተገልብጦ የሚወጣው ፊልም፣ ከታጠበ በኋላ ለማየት ወይ መታተም ወይ ስካን መደረግ አለበት። ሪቨርሳል ግን ካሜራ ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ታጥቦ ፖዘቲቭ (ብርሃኑና ጨለማው በትክክለኛ ቦታው) ሆኖ ይመለስና በቀጥታ ፕሮጀክተር ላይ ይወጣል። ክፋቱ፣ የብርሃን ስህተትን አይምርም። የእኔ የመጀመሪያ ካርትሪጅ ከመስኮቱ በስተቀር ጥቁር ሆኖ መጣ። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ያገኘሁት አሮጌ ካሜራ የብርሃን መለኪያ የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ እኔ አሁን የሚሸጠውን የ1.5 ቮልት ባትሪ ከተትኩበትና መለኪያው ክፍሉን ከእውነቱ በላይ ብሩህ አድርጎ ቆጠረው። አሮጌ ካሜራ የምትይዙ ሁሉ፣ ለብቻው የሆነ የብርሃን መለኪያ ተውሳችሁ የሌንሱን ቀዳዳ በእጃችሁ አስተካክሉ። የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ስሜት በአይኤስኦ (ISO) መለኪያ፣ በቀን ብርሃን 200፣ በአምፖል ብርሃን 160 ነው።

ሁለተኛው ካርትሪጅ ተሳካ። አያቴ በሩን ከፍታ ስትገባ ፊልሙ ፊቷን በሚያምር ግራጫ አወጣው፤ ጥራጥሬው፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ ግልጽ ነው፣ ግን አይን አይወጋም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ፊልም ማንኛውንም ነገር የድሮ ያስመስላል። ባዶ ወንበር ብትቀርጹ እንኳ ተመልካቹ ሆዱ ይባባል። ክፍል ውስጥ ያሳየሁት የመጀመሪያ ሙከራ ብዙ አድናቆት አገኘ፤ አስተማሪዬ ብቻ «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ ወይስ ጥራጥሬው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው ሁለተኛውን ዙር ስቀርጽ ነው። ፕሮጀክተሩን ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሬ፣ ካሜራውን በሦስት እግሩ አጠገቡ አቁሜ ቀረጽኩ። የሁለቱ ፍጥነት ፈጽሞ ስለማይገጥም ብርሃኑ እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተውኩት። ንፅፅሩ ደግሞ በየቅጂው ይከራል፦ ግራጫው እየሳሳ ይሄድና ጥቁሩና ነጩ ብቻቸውን ይቀራሉ። በሦስተኛው ዙር የአያቴ ዓይኖች ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሆኑ፣ መስኮቱ ነጭ አራት ማዕዘን ሆነ። ፊቷን ማንም አይለይም። መደገፊያውን ስትዳብስ ግን እርሷነቷን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። መልክ ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ አካሄድ እንደሚቆይ አልጠበቅኩም ነበር።

ያልጠበቅኩት ሌላው ነገር ምስማሩ ነው። ግድግዳው ላይ፣ ምስሉ ሲያርፍ ከአያቴ ትከሻ ጎን የሚውል አንድ አሮጌ ምስማር ነበር። ስቀርጽ አላየሁትም። በሁለተኛው ቅጂ ትንሽ ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ገባ። በሦስተኛው ደግሞ በሩ ላይ የተተከለ የልብስ መስቀያ መሰለ። እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ መስቀያ ኖሮ አያውቅም፤ አሁን ግን ያን በር ሳስብ ከነመስቀያው ነው የሚመጣብኝ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድ እንግዳ ተረት ደጋግመው ሲያወሩ ዝርዝሩን ከመጣልም አልፈው በሚያውቁት ነገር እንደሚተኩት አሳይቷል። እኔ ፊልም መጣልን ብቻ የሚችል መስሎኝ ነበር። ለካ የተነሳበትን ግድግዳም ይዞ ይሄዳል። ፊልሜ በመጨረሻ ስለ ምስማሩ ሆነ።

አንድ ቁራጭ በረኪና ውስጥ ነክሬም ነበር። ምስሉ ያረፈበት ሽፋን እየተላጠ ሲንሳፈፍ ማየት ያስደስታል፤ ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን ጌጥ ብቻ ነበርና ቆርጬ ጣልኩት። አያቴም ሦስተኛውን ቅጂ አይታ፣ ፊልሙ ለማጠቢያ ሄዶ እንደሚመጣ ስለነገርኳት፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ታጥቦ ነው ያልጠራው?» አለችኝ።

ድምፅን በተመለከተ፣ ካርትሪጁ ድምፅ አይቀዳም። ድምፅ የሚቀዳው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወጥቶ በ1997 ቀርቷል። በዚያ ላይ የካሜራው ጩኸት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በግልጽ ይሰማል። ቃለ መጠይቅ ለመቅረጽ ያሰበ ሰው ሌላ መሣሪያ ይፈልግ። እኔ የበሩን ድምፅ ለብቻው ቀድቼ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ አዘገየሁት።

ያማረረኝ ማጠቢያው ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ላቦራቶሪ እያንዳንዱን ዙር ለሳምንታት ያቆይብኝ ነበር፤ ሦስት ዙር ስለነበረኝ የመማሪያ ጊዜው ተበልቶ አለቀ። ይባስ ብሎ የመጨረሻውን ስካን ሲያደርጉ ማሽኑ ጨለማውን በራሱ «አስተካክሎ» አበራልኝ፤ ሦስት ቅጂ የደከምኩበት ጥቁር ግራጫ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደገና አሠራሁት። ስካን ስታዝዙ አውቶማቲክ ማስተካከያ እንዲጠፋ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋጋው ለተማሪ ይከብዳል፤ ከፊልሙ ይልቅ ማጠቢያና ስካኑ ናቸው ኪስ የሚያራቁቱት። ፊልም ላይ ያለ ምክንያት «ትዝታ» ለመቀባት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም፤ ለዚያ ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ማጣሪያ ይበቃዋል። የፊልሙ መበላሸት ራሱ የሥራው አካል ለሆነበት ሰው ግን ሌላ የሚተካው አላገኘሁም። አንድ ያልተከፈተ ካርትሪጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀርቶኛል። ለመቅረጽ ስታወጡት ማሸጊያውን ቶሎ አትቅደዱ፤ መጀመሪያ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይላመድ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ግድግዳዬን ደግሞ በዚህ ጊዜ በደንብ አይቼዋለሁ፤ ከምስማሩ በታች አንድ ስንጥቅ አለ።