«ታይፎይድ ተከትበዋል» ብሎ ባዶ ብልቃጥ የሚያሳያችሁ ቄብ ሻጭ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ጠዋት 24ኛዋን ቄብ ቀብሬ ገብቼ ነው። እጄ ገና በረኪና በረኪና ይሸታል። 60 የ45 ቀን ቄብ፣ አንዷ በ380 ብር፣ ድምሩ 22,800 ብር። ሻጩን ባሕር ዳር ዶሮ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፒክአፑ ላይ ካርቶን ደርድሮ መንገድ ዳር የሚቆመው፣ «ሌሊቱን ከቢሾፍቱ ተጉዘው አሁን የገቡ ናቸው» የሚለው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቴ የሚደውልላችሁ፣ ከከፈላችሁ በኋላ ስልክ የማያነሳው ዓይነት ነው።

የተበላሁት በአንዲት ብልቃጥ ነው።

«የታይፎይድ ክትባት አግኝተዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባሉት የዶሮ በሽታዎች ብዙው ይከትባል፣ ታይፎይድን ግን ይዘሉታል። «እንዴ ጋሼ፣ ሁሉንም ጨርሰዋል!» አለና ከሸሚዙ ኪስ ባዶ ብልቃጥ አውጥቶ ሰጠኝ። የአሉሚኒየም ክዳኑ ተገንጥሏል፤ የጎማ ውታፉ የለም፤ ወረቀቱ ውሃ ነክቶት ግማሹ ተልጧል። አገላብጬ አየሁት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ መለስኩለት። ከዚያ ብሩን አስተላለፍኩ። ቄቦቹ መሞት ከጀመሩ በኋላ ማታ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው የተረፈው ጽሑፍ «ላሶታ» ይላል።

ላሶታ የፈንግል ክትባት ነው! ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። የዶሮ ታይፎይድ የሚመጣው ሳልሞኔላ ጋሊናረም በሚባል ባክቴሪያ ነው። የአንዱ ክትባት ለሌላው ቅንጣት አይረባም። ጽሑፉ ባይነበብ እንኳ ብልቃጡ ራሱ ይናገር ነበር። የታይፎይዱ ክትባት ከአንገት ቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ ለአንዷ 0.2 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ጎማው ቦታው ላይ ሆኖ በመርፌ የተበሳሳ መሆን ነበረበት። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ክትባት ግን ጎማው ተነቅሎ ብልቃጡ ውሃው ውስጥ ይገለበጣል። ይህን እያወቅሁ ጎማ የሌለው ብልቃጥ በጣቶቼ መሃል ይዤ ዝም ማለቴ ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ።

ዕድሜያቸውም አይገጥምም። 9አር የሚባለው የታይፎይድ ክትባት 6 ሳምንት ሲሞላቸው ነው የሚጀመረው፤ በ16 ሳምንት አካባቢ ይደገማል። የ45 ቀን ቄብ 6 ሳምንት ከሞላት ሦስት ቀኗ ነው። ከትበው ቢሆን እንኳ በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞ ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የሚጠጡ ከሆነ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ይጠጡ ነበር ወይ? አዎ፣ እሱንም ያወቅሁት ከራሱ አፍ ነው።

ካርቶኑን ሲያወርድ በፌስታል የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት ሰጥቶኝ ነበር። «ቫይታሚን ነው፣ ለመንገድ ድካም፣ 5 ቀን በውሃ ስጣቸው» አለኝ። ስም የለው፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለው። አምስቱን ቀን ሁሉም ደህና በሉ፣ ደህና ጠጡ። በስምንተኛው ቀን ሦስት ሞተው አደሩ። በስንት ልፋት ስልኩን ሲያነሳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኦክሲውን አቁመህ ነዋ! አያያዝ ካላወቅህ ምን ላድርግህ፣ ዶሮ እንደሆነ ሟች ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሲሸጥልኝ ቫይታሚን የነበረው ስልክ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሆኖ ተገኘ። ሳይታወቀው አመለጠው።

ዘዴው ይህ ነው። ኦክሲ ሞቱን ይገታል፣ ባክቴሪያውን ግን ከጉበትና ከጣፊያ ጨርሶ አያወጣውም። መድኃኒቱ ሲቆም እንደገና ይነሳል። አምስቱ ቀን ለሻጩ ብር መቀበያና መራቂያ ነው። በኋላ «ቤትህ ውስጥ ነው የያዛቸው» ብሎ በሰው በኩል አስልኮብኛል። ቤቱ አዲስ ነው፣ ጣውላው ገና ሙጫው ያልደረቀ፣ አንዲት ዶሮ ገብታበት አታውቅም።

ምልክቱን በደንብ ያዙት፤ ከፈንግል ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ቄቧ ላባዋን ነፍታ ጥግ ትይዛለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ኩክኒዋ ይገረጣል፣ መኖ ትታ ውሃ ላይ ትቆማለች። ኩሷ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቅጥን ነው፣ መውጫዋ ላይ ይጋገራል። አንገት መጠምዘዝና የክንፍ መዝለፍለፍ ካያችሁ ወደ ፈንግል አስቡ፤ ደም የቀላቀለ ኩስ ከሆነ ወደ ኮክሲ (ኮክሲዲዮሲስ ወደሚባለው የአንጀት በሽታ)። ሐኪሙ ሦስቱን ሲከፍታቸው ጉበታቸው አብጦ የነሐስ መልክ ይዟል፣ አረንጓዴም ጣል አድርጎበታል፤ ጣፊያቸው ከልኩ እጥፍ ሆኗል። የላቦራቶሪው ውጤትም የዶሮ ታይፎይድ ነው አለ። (ጎረቤት እየመጣ «ለልጆቻችን ያሰጋል?» ይለኛል። ይህ የሰው ታይፎይድ አይደለም፣ ባክቴሪያውም ሌላ ነው። ቢሆንም ሬሳ ነክቶ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ መሄድ የለም።)

አሁን ለምትገዙ፦ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አትቀበሉ። ክትባቱ የተሰጠበትን ቀንና የብልቃጡን የባች ቁጥር የያዘ ወረቀት ጠይቁ፤ ከሌለ አልተከተቡም ብላችሁ ቁጠሩ። ከተስማማላችሁ ግማሹን ብር ለ14 ቀን ያዙ፣ በነዚያ ቀናት ምንም መድኃኒት አትስጡ። አዲሶቹን ከድሮዎቹ ጋር አትቀላቅሉ፣ ጫማችሁንም ለየብቻ አድርጉ። ሞት ከጀመረ አዲስ የሞተችውን በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ፣ በረዶ አድርጋችሁበት፣ አንቲባዮቲክ ሳትጀምሩ በዚያው ቀን ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውሰዱ። ፍሪዘር ውስጥ ከታችሁ ግን በረዶ አታድርጓት። የቀሩትን ሬሳዎች ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ መጣል ነውር ነው፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። ቤቱን በበረኪና ከመርጨታችሁ በፊት ጉዝጓዙን አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡት፤ ኩስ ባለበት በረኪና አይሠራም።

የተረፉት 36 ናቸው። ደህና ይመስላሉ፣ ይበላሉ፣ ይጭራሉ። ታይፎይድ አልፎባት የተረፈች ዶሮ ግን ባክቴሪያውን ይዛ ልትኖር ትችላለች፣ በእንቁላሏም ወደ ጫጩቶቿ ታሳልፈዋለች። ከትናንት ጀምሮ «በርካሽ ልውሰዳቸው» እያላችሁ የምትደውሉ አላችሁ። አልሸጥም።