የአባቴን ላንድክሩዘር ሞተር አሠርቼ መጣሁ

ዘንድሮ ሀገር ቤት የቆየሁት ሰባት ሳምንት ነው። አምስቱን ጋራዥ ውስጥ አሳለፍኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ሞተር ማሠራት ለምታስቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ቀን ተቆርጦላችሁ ለምትመጡ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናው የአባቴ ነው። 75 የሚባለው ላንድክሩዘር፣ ፒክአፕ። ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። እንደደረስኩ አስነሳሁት። ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ መዳፌን ብጋርድበት፣ ከውስጥ የሚወጣው ንፋስ እጄን ይገፋል። ሁለቱም የሞተሩ ውስጥ ለመበላቱ ምልክት ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ “ቲ-ቤልት” የምትለው መብራት በርታለች። ይህች መብራት የምትበራው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ የታይሚንግ ቺንጊያው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) ይቀየር ለማለት ነው። አባቴ “እሷማ ከበራች ቆየች” አለኝ። ደነገጥኩ። በዚህ ሞተር ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ጋራዡን ያገኘሁት በአባቴ በኩል ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ሞተሩ ገና ሳይወርድ የሚያስፈልገውን መለዋወጫ ዝርዝር ስጠይቃቸው “ልጄ፣ መጀመሪያ እንለካ” አሉኝ። ሌሎች ሁለት ጋራዦች መኪናውን ሳያዩ ዝርዝር ሰጥተውኝ ነበር። የእኚህ ሰውዬ መልስ ልቤን አሳረፈው።

ሲለኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መለኪያውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ያስገባሉ። ከዚያ ዘጠና ዲግሪ አዙረው ይደግማሉ። ፋብሪካው ያወጣው ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው። አራተኛው ሲሊንደር አናቱ ላይ 0.18 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፤ ታችኛው ክፍል ግን አዲስ ይመስላል። ሲሊንደር ወጥ ሆኖ አይበላም። ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ወደ ላይ መጥቶ የሚመለስበት ቦታ ሙቀት ይበዛዋል፣ ዘይት ይሳሳበታል። አዲስ ፋሻ ብቻ ገጥሞ መሄድ እዚህ ላይ አይሠራም። ክብ ፋሻ ሞላላ ሲሊንደር ውስጥ አይዘጋም።

የሞተር ብረት ከሚልጉትና ከሚያሰፉት ቶርኖ ቤቶች የመጀመሪያው አሳዘነኝ። ስሙን አልጠራም። ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ክዳን) ወሰድንለት፣ ፊቱን ላገው፣ አብለጭልጮ መለሰው። ስንጥቅ እንዳለው ግን አልፈተሸም። ይባስ ብሎ ፒስተኑ ሳይመጣ ሲሊንደሩን ላስፋው አለ። ይሄ ፈጽሞ መሆን የለበትም። ሲሊንደር የሚሰፋው እጅ ላይ ባለው ፒስተን ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ 0.50 (ከፋብሪካው ልክ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሰፋ) ስለተባለ ብቻ ሁሉም ፒስተን እኩል አይሆንም።

ቴስታታውንና ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ይዘን ሁለተኛ ቤት ሄድን። ሙያ ያየሁት እዚያ ነው። ልጁ ወጣት ነው፣ ብዙም አያወራም። ቴስታታውን ደፍኖ፣ አየር ሞልቶበት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረው። ከሦስተኛው ሲሊንደር፣ ከሁለቱ ቫልቮች መካከል፣ የአረፋ ክር መውጣት ጀመረ። በዓይን ስታየው ምንም የለም። ያንን ቴስታታ ገጥመን ቢሆን ኖሮ አባቴ መንገድ ላይ ራዲያተሩ እየፈላበት ይቆም ነበር። ሌላ ቴስታታ ፈልገን አስፈተሽን፤ እሱ ንጹህ ሆነ። ልጁ ስድስቱን ፒስተኖች አንድ በአንድ ለክቶ፣ ቁጥር ጽፎባቸው፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር በራሱ ፒስተን ልክ አሰፋ። መጨረሻ ላይ በሆኒንግ ድንጋይ ውስጡን በስሱ ጫረው። የተጠላለፉት ጭረቶች በባትሪ መብራት ሲታዩ እንደ ጥሩ ሽመና ያምራሉ፤ ዘይት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሞተሩ አሁን 4208 ሲሲ ገደማ ሆኗል። በጉልበት የሚታወቅ ለውጥ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል።

መለዋወጫ ሻጩ ጥሩ ሰው ነው። ማሸጊያ እየከፈትኩ ሳይ አልተቆጣም፣ አንድ የተጫረ ብሮንዚንም (ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ያለ ክርክር ቀየረልኝ።

የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል የሚሠሩት ቤት ደግሞ ጽሑፍ በመስጠት ከሁሉም በልጠዋል። ስድስቱን ኖዝሎች አጠገቤ ሞከሩ። ሁለቱ እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው ያንጠባጥቡ ነበር። የሚንጠባጠብ ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ ፒስተኑንም ሊያቃጥል ይችላል። ስድስቱም በእኩል ግፊት እንዲከፍቱ አስተካከሏቸው። ፖምፓውን ማሽን ላይ አስረው በየዙሩ ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ ጽፈው ሰጡኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ወደ ቱርቦው ልምጣ። ይዤው የመጣሁት ከውጭ ነው፣ ከጭስ ሙቀት መለኪያው ጋር። ከመካኒኩ ጋር የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግፊቱ አንድ ባር ይድረስ አልኩ። እሳቸው ከግማሽ ባር አላልፍም አሉ። ምክንያታቸውን ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የዚህ ሞተር ጭመቃ (አየሩን የሚያጨቅበት መጠን) 22.4 ለ1 ነው። ቶዮታ ራሱ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን 1ኤችዲ-ቲን በቱርቦ ሲያወጣ ጭመቃውን ወደ 18.6 አውርዶ፣ ናፍጣውንም በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ እንዲረጭ አድርጎታል። በእኛው ግን እሳቱ የሚጀምረው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ሙቀቱ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቅም የሚወደው እዚያው አካባቢ ነው። “የተሰነጠቀውን በዓይንህ አይተሃል” አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?

ሌላም አሉ። የሙቀት መለኪያው ሳይገጠም የፖምፓውን ብሎን አልነካም። ቱርቦ አየር ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ጉልበት የሚመጣው ናፍጣ ሲጨመር ነው፤ ሞተር የሚቀልጠውም ናፍጣ ሲበዛ ነው። መለኪያውን ከቱርቦው በፊት፣ ማርሚታው ከሚጀምርበት ቀድሞ ገጠሙት። የቱርቦው ዘይት መመለሻ ቱቦ ሳይታጠፍ ቁልቁል እንዲወርድ ሁለት ጊዜ ፈትተው ሠሩት። እኔ ቸኩዬ ነበር፣ እሳቸው አልቸኮሉም።

ሲገጣጥሙ ያየሁት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ኮሎውን ከማሰራቸው በፊት በብሮንዚኑ ላይ እንደ ሰም የሆነች ቀጭን ክር አጋደሙ። አጥብቀው አሰሩ፣ መልሰው ፈቱ። ክሯ ተጨፍልቃ ጠፍጥፋለች። ስፋቷን ከወረቀት መለኪያ ጋር አስተያይተው ለዘይቱ ስንት ክፍተት እንደቀረ አወቁ። ሰባቱንም የኮሎ ማረፊያዎች እንዲህ አደረጉ። ግማሽ ቀን ፈጀ።

የመነሳቱ ቀን አባቴም መጣ። ሰውዬው መጀመሪያ ፖምፓው ላይ ያለውን የማጥፊያ ሽቦ ነቀሉ። ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ ደጋግመው አዞሩት። የዘይት መብራቱ ጠፋ። ዘይቱ ሁሉም ጋ መድረሱን አረጋገጡ ማለት ነው። ከዚያ ሽቦውን መልሰው ሰኩ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ሚኒሞው ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አልፈቀዱም። አዲስ ፋሻ ጭነት ካላገኘ አይቀመጥም፤ ይሞቅና ወደ ዳገት ይውጣ አሉ። ወጣን። ድሮ በሁለተኛ የምንወጣውን በሦስተኛ ወጣነው። መለኪያው 610 ዲግሪ አሳየ፤ ከ700 እንዳያልፍ ተነግሮናል። አባቴ መሪውን እንደያዘ ምንም አልተናገረም። ከላይ ስንደርስ ግን መኪናውን አቁሞ ኮፈኑን ከፈተና ቆሞ አዳመጠው።

የጋራዡ ጉድለት ጊዜ ነው። ከተባለው ቀን ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ቴስታታ ፍለጋው ይገባኛል፤ ግን ደውሎ የሚነግር ሰው አልነበረም፣ ሁልጊዜ ሄጄ ነው የምጠይቀው። ልኬቶቹንም መካኒኩ በቃላቸው ነው የያዙት። እኔ ደብተር ገዝቼ እየተከተልኩ ጻፍኳቸው። ደብተሩ አሁን መኪናው ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጉዟችሁ የአንድ ወር ፈቃድ ካላችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ዘመድ ልካችሁ ሞተሩ ወርዶ እንዲለካ አድርጉ። የፒስተኑ መጠን ታውቆ ከጠበቃችሁ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ከተመለስኩ በኋላ አባቴ ደወለ። 1000 ኪሎ ሜትር ሞልቶ ዘይቱን አስቀይሯል። አሮጌውን ፊልትሮ ሰውዬው በመጋዝ ቆርጠው፣ ወረቀቱን ዘርግተው በማግኔት ፈትሸውታል። ብረት አልተገኘበትም።