የእህቴን ልብ ያየልን ክሊኒክ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል የልብ ክሊኒክ ነው። ለአራስ እህቴ ሄደን በጣም ደስ ብሎኛል። ከወለደች ወዲህ በጀርባዋ መተኛት አቅቷት ነበር። ሌሊት ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች፣ ትስላለች፣ እግሯም አብጧል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «የአራስ ድካም ነው፣ አጥሚት ትጠጣ» ብለው መለሱን። አሁንም ያናድደኛል።

እዚህ ግን ሐኪሟ ደረቷን እንዳዳመጠች ወዲያው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አስነሳቻት። የልቧ ደም የመርጨት አቅም 30 በመቶ ነበር። ከ45 በታች ሲሆን፣ ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት፣ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም ነው አለችን። ከእርግዝናው መጨረሻ አንስቶ ከወሊድ በኋላ እስከ 5 ወር ሊከሰት ይችላል። ፉሮሴሚድ፣ ኢናላፕሪልና ሜቶፕሮሎል የሚባሉ መድኃኒቶች አዘዘችላት። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እሷ ግን ወልዳለች። እናታችን ስለ ጡቱ ስትጨነቅ «ታጥባ እናቴ፣ ችግር የለውም» አለቻት። ልቧ ሳያገግም ማርገዝ ለሕይወቷ አደገኛ መሆኑንም ሳንጠይቃት አስረዳችን፤ ስለ መከላከያም ከባሏ ጋር አብራ አነጋገረቻቸው።

ዋጋው ይቆነጥጣል፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «አራስ ናት» በሉ፤ ያስቀድሟችኋል።