«እናታችን ጉልበታቸው እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀን የደሴ ሹፌር ምስጋና (ሐይቅ፣ አርዲቦና ባቲ ለመሄድ ላሰባችሁ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ይሄን ነገር ከጉዞ ከተመለስን ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ የቤቱም የሥራውም ነገር ሲያዋክበኝ ሰነበተ፣ ዛሬ ግን ሳልጽፍ አልተኛም ብያለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እናቴን፣ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና ታናሽ እህቴን ይዤ ለአራት ቀን ወሎ ሄጄ ነበር። እናቴ ትውልዷ ተሁለደሬ ነው፣ ሐይቅ ከተማና ሐይቁ ያሉበት ወረዳ፣ ልጅ እያለች ነው አዲስ አበባ የመጣችው፣ «ሐይቁን አንዴ እንኳን ሳላይ እንዳልሞት» ስትል ነው ያደግነው፣ በቃ ዘንድሮ ይሁን ተባባልን። እኔ ደግሞ መቼም እዛ ድረስ ተሂዶ ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ደረደርኩት፣ ላሊበላ፣ ግሸን ማርያም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አርዲቦ፣ ደሴ ከተማ፣ ባቲ። በአራት ቀን! አንድ የሥራ ባልደረባዬ የደሴ ልጅ የሆነ ባለ ዶልፊን ሹፌር ጠቁማኝ ስለነበር ዝርዝሩን በቴሌግራም ላኩለትና ዋጋ ንገረኝ አልኩት።

ዋጋ አልነገረኝም። ደወለና መጀመሪያ የጠየቀኝ «እህቴ፣ እናታችን ጉልበታቸው እንዴት ነው? ዳገት ይወጣሉ? ልጆቹንስ መኪና ያስመልሳቸዋል?» ነው። እውነት ለመናገር ዝም አልኩ። ምክንያቱም ከሁለት አመት በፊት በአንድ አስጎብኚ በኩል ወደ ሌላ አካባቢ ሄደን ከመኪና ውረዱ ግቡ፣ ውረዱ ግቡ ስንባል ውለን እናቴ እግሯ አብጦ የመጨረሻውን ቀን አልጋ ላይ ነው ያሳለፈችው፣ ያኔ ስንት ሰው እንደሆንን እንጂ እነማን እንደሆንን የጠየቀን አልነበረም። የእናቴን ጉልበት ነገር ስነግረው «እንዲህ ከሆነ ይሄ እረፍት ሳይሆን ዘመቻ ነው የሚሆንባችሁ፣ ላሊበላ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ፣ ግሸን አምባ ነው፣ እሳቸውን በዚህ ጉልበት ዳገት አናስወጣቸውም፣ ውሃ ዳር ቁጭ ብለው ይረፉ፣ አብሽሪ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ካወጣሁት ዝርዝር ሁለቱን ትልልቆቹን ሰረዘ፣ እሱ እኮ ብዙ ቀንና ብዙ ኪሎሜትር ቢነዳ ነው ብር የሚያገኘው።

ያወጣው ፕሮግራም እንዲህ ነበር፣ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምዘረዝረው። አርብ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ትገባላችሁ፣ ሳትንዘላዘሉ ቀጥታ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት እዛው አንድ ቦታ ታድራላችሁ፣ ሻንጣ በየቀኑ መፍታትና ማሰር የለም። እሁድ ከሰዓት በደሴ በኩል ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ታድራላችሁ፣ ምክንያቱም የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ በጠዋት ደርሳችሁ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላናችሁን ትይዛላችሁ። እኔ ባወጣሁት ባቲ ቅዳሜ ነበር የሚውለው፣ ባዶ ሜዳ አይተን ልንመለስ ነበር ማለት ነው።

አርብ ስንደርስ ፆም መሆኑን አስቦ ሐይቅ ከተማ ምሳ አስቀድሞ አዞልን ነበር፣ እሱ ሙስሊም ነው፣ እኛ እንኳን ያላሰብነውን የፆም ነገር እሱ ነው ያሰበልን። ማታ ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ለልጆቼ የሐይቁን ተረት ነገራቸው፣ ድሮ ቦታው መሬት ነበር አሉ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለችና ፈጣሪ ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። አሁን ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ ገዳሙ ያለው እዛ ላይ ነው። ትንሹ ልጄ እስከ ዛሬ ሴትየዋ ምን በላች እያለ ይጠይቀኛል።

ቅዳሜ አርዲቦ። ስለ አርዲቦ ብጽፍ ብጽፍ አይበቃኝም። ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ማሽላው አናቱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። ውሃው ጋ ሳንደርስ እናቴ «ቁም ልጄ» አለችው። ከአንድ ቤት የወይራ ጢስ እየወጣ ነበር፣ የወተት ዕቃ እየታጠነ። ሞተሩን አጠፋ፣ ለምን ብሎም አልጠየቀም። እናቴ በሩን ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ ዘርግታ ዓይኗን ጨፍና ጢሱን ስታሸተው ቆየች፣ እኔ ፎቶ ላነሳ ስል በእጁ ተይ አለኝ። የቤቱ እመቤት አይተውን ወጡ፣ ከዛማ ያው ወሎ ነው፣ እነማን ናችሁ ሳይባል ጀበና ተጣደ፣ ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ዕጣን ተጫረ፣ ቆሎ ቀረበ። ሲኒውን ሲሰጧት «ጀባ» (እንኪ እንደማለት ነው) ሲሏት እናቴ እንባዋ መጣ፣ ከስንት አመት በኋላ መስማቷ ነው። አቦል ቶና በረካ ሳንጠጣ አልተነሳንም፣ በመጨረሻ ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ እናቴ አሜን፣ ሹፌራችን አሚን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፕሮግራም ላይ ያልነበረ ቦታ ቆየን፣ እሱ አንዴ እንኳን ሰዓቱን አላየም። እኚያ እናት ይሄን ጽሁፍ ባያዩትም እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ማታ ሐይቅ ተመልሰን ዓሣ በላን፣ ጥብሱንም ጉላሹንም፣ ሹፌራችንም ከኛው ትሪ። የወሎ ሰው ይገባዋል፣ ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን የሙስሊም ተብሎ ሁለት ቦታ ነበር የምንቀመጠው፣ ዓሣ ግን ቢላዋ አይለየውም፣ ቦታውን የመረጠውም ለዚህ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

እሁድ ሐይቅ እስጢፋኖስ። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማትገባ ገና ስልክ ላይ ነግሮን ስለነበር ደርሰን ቅር አላለንም፣ ባለቤቴና ትልቁ ልጄ ገቡ፣ እኛ ከውጭ ተሳልመን ውሃው ዳር ጠበቅናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው፣ ልጄ ይሄን ሰምቶ ሲወጣ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ከሰዓት ደሴን በመኪና ዞር ዞር ብለን ፒያሳ ሻይ ጠጣን፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፣ ከዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቀስ ብሎ ወረደልን፣ ማንንም አላስመለሰውም።

ባቲ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደርሰን ነበር። ግመል፣ ፍየል፣ ሰሌን፣ አፋሩ ኦሮሞው አማራው በአንድ ሜዳ፣ እናቴን ጥላ ያለበት ወንበር አስገኝቶላት እኛ ዞረን መጣን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ወጣን። ለልብስ፣ ደሴና ሐይቅ ማታ ይበርዳል ጋቢ ያዙ፣ ባቲ ግን ቆላ ነው፣ ስስ ልብስና ብዙ ውሃ።

ስለ ሹፌሩ ማወቅ ያለባችሁን ልጨርስ። በየጠዋቱ ከመነሳታችን በፊት የምንሄድበት መንገድ ሰላም መሆኑን ለሚያውቃቸው ሰዎች እየደወለ ያጣራል፣ ነዳጅ ማታውኑ ነው የሚሞላው እኛን ሰልፍ አላስጠበቀንም፣ ሂሳቡ በቀን ነው ነዳጁን ጨምሮ፣ በተስማማነው ጨረስን አንድ ብር ጨምሩልኝ አላለም። እየነዳ ስልክ አያነሳም፣ ደውላችሁ ካላነሳ ታገሱት፣ ሲቆም ራሱ ይደውላል። የመኪናው ኤሲ አይሰራም፣ ይሄን ራሱ አስቀድሞ ነግሮኛል፣ ከባቲ በስተቀር አላስፈለገንም።

ወንድሜ፣ ይሄን ካየኸው፣ እናቴ ከመጣች ጀምሮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስለ አርዲቦ ነው የምታወራው፣ ሞተር ያጠፋህላትን ነገር ደግማ ደግማ ነው የምትናገረው፣ ስትፀልይም ከልጆቿ ቀጥሎ አንተን ትጠራለች። አላህ ያክብርልኝ፣ ቤትህን ይባርክልኝ።

ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት የቦታ ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት ከማን ጋር እንደምትሄዱ ንገሩት፣ ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ያዙት ቶሎ ነው የሚያዘው።