ባለ 1.5 ሜትሩ የፕላስቲክ የገና ዛፍ፦ ዋጋውን ያወጣል?

መርካቶና ፒያሳ የሚደረደረው ይህ ዛፍ በካርቶን ታጥፎ ነው የሚሸጠው፦ ሁለት ወይም ሦስት የግንድ ቁራጭ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ አንዳንዴም መብራት። መቆሚያው ፕላስቲክ ከሆነ ይለፉት፤ የብሎኑ ቀዳዳ እየሰፋ ዛፉ ያዘማል። ብረቱ ይሻላል። ቅርንጫፉንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳብ ያድርጉት፤ ቅጠሉ እፍኝ ሙሉ ከረገፈ ለከርሞ አይደርስም።

ዋናው ጣጣ መብራቱ ነው። አምፖሎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዱ ሲላቀቅ መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። ከመክፈልዎ በፊት ሰክተው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ መቆጣጠሪያዋ ሳጥን እጅ የምታቃጥል ከሆነ ይመልሱት። ቤት ሲደርስ ዲቫይደሩን መሬት ላይ አይተዉት፤ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። ዛፉንም ከቡናው ከሰል ያርቁት፣ ፍንጣሪ ያቀልጠዋል።

መቼ ይገዛ? የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 15 ወይም 16 ስለሚውል ሱቆቹ ዕቃውን ቀድመው ያስገባሉ። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው፤ በበዓሉ ዋዜማ ለመከራከርም ለመፈተሽም ፋታ የለም።

ባለ 2 ሜትሩን ግን አንመክርም። ጌሾው ሳይጠነሰስ፣ ዶሮው ሳይገዛ ለዛፍ ቁመት ገንዘብ ማፍሰስ የባለሱቁን በዓል ማድመቅ ነው፤ ጾሙን ዛፍ አያስፈታም!

ካርቶኑን አይጣሉት። ያለሱ ሽቦው ይጣመምና ቅርንጫፉ በዓመቱ አይዘረጋም።